የሄሊካል አንቴና ጌይን፦ ቀመሩ 15.4፣ ሞዴሉ 12 ዴሲቤል ይላል፤ የትኛው ይታመናል?

ማሳ_ጅማ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከጅማ ወጣ ብሎ ከሚገኝ የቡና ማሳ የአፈር እርጥበት መረጃን በ2.4 ጊጋኸርትዝ ወደ ጅሬን ከፍታ ለመላክ፣ በሁለቱም ጫፍ ባለ 10 ዙር ሄሊካል (ሽቦው እንደ ጥቅልል የተጠመጠመ) አንቴና ለመትከል አስቤያለሁ። የአንዱ ዙር ዙሪያ ከሞገዱ ርዝመት ጋር እኩል፣ ማለትም 125 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የመጠምዘዣው ማዕዘን 13 ዲግሪ፣ በዙሮች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ 29 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የተለመደው የክራውስ ቀመር ለጌይኑ (አንቴናው ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ለሚያጠናክርበት መጠን) 15.4 ዴሲቤል ይሰጠኛል፤ ያንኑ አንቴና 2 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ፣ እያንዳንዱን ዙር በ40 ሴግመንት (ቀጥ ያሉ ቁራጮች) ከፍዬ፣ ወሰን በሌለው ግራውንድ ፕሌን (ከአንቴናው ሥር ያለ የብረት ሰሌዳ) ላይ ኔክ-2 በተባለው የአንቴና ማስሊያ ፕሮግራም ስሞዴለው ግን 12 አካባቢ ይቆማል። ልዩነቱ በሁለቱ ጫፎች ሲደመር ወደ 7 ዴሲቤል ስለሚጠጋና ይህም በክፍት አየር የመገናኛውን ርቀት ከእጥፍ በላይ ስለሚለውጥ፣ በስሌቴ ውስጥ የትኛውን ላስገባ?

የሞገድ_ወዳጅ፦
12ን ያስገቡ። ጆን ክራውስ ይህን አንቴና እ.ኤ.አ. በ1946 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲፈጥር ያወጣው ቀመር፣ ኃይሉ በአብዛኛው በዋናው ሎብ (አንቴናው ወደ ፊት በሚልከው ዋና ጨረር) ውስጥ እንደሚጠቃለል የሚያስብ ነው፤ በእውነተኛው አንቴና ግን የጎን ሎቦች ቀላል የማይባል ድርሻ ይወስዳሉ። ክራውስ ራሱ በኋላ በቀመሩ ውስጥ ያለውን 15 የሚለውን ማባዣ ወደ 12 ዝቅ አድርጎታል፤ በእርስዎ ልኬት ይህ 14.4 ዴሲቤል ይሆናል፣ እሱም ቢሆን ገና ከፍ ያለ ነው። ተመራማሪዎቹ ኪንግና ዎንግ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት የልኬት ውጤት ጌይኑ ከቀመሩ በግልጽ እንደሚያንስ አሳይቷል፤ አንቴናው በረዘመ ቁጥር ጌይኑ በዚያው ልክ እንደማያድግም ከዚያው ውጤት እንረዳለን። ስለዚህ ዙሮቹን ከ10 ወደ 20 በማሳደግ ሙሉ 3 ዴሲቤል እንዳይጠብቁ። እኔ የሚገርመኝ ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላም አሮጌው ቀመር በየድረ ገጹ የስሌት መሣሪያዎች ውስጥ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መቀጠሉ ነው።

ሌላም የሚጠቅምዎ ነገር አለ። በዚህ የዙር ቁጥር ጌይኑ ጫፍ የሚደርሰው ዙሪያው ከሞገዱ ርዝመት በ10 ከመቶ ገደማ ሲበልጥ እንጂ ልክ እኩል ሲሆን አይደለም፤ ከዚያ ጫፍ በላይ ግን በፍጥነት ይወድቃል። አንድ ድግግሞሽ ላይ ብቻ ከመቆም ከ2.1 እስከ 2.7 ጊጋኸርትዝ ያለውን ቢያስሉ፣ ጥቅልሉን ትንሽ ማስፋት ምን ያህል እንደሚያተርፍ፣ ከገደሉ ጫፍስ ምን ያህል እንደሚርቁ በአንድ ግራፍ ያያሉ።

ኪቶ_ራዲዮ፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሞዴሉም ራሱ መፈተሽ አለበት። ኔክ-2 የሚሠራው ሽቦው ቀጭን ነው በሚል ግምት ስለሆነ፣ የሴግመንቱ ርዝመት ከሽቦው ሬዲየስ ቢያንስ 8 እጥፍ እንዲሆን ይመከራል። የእርስዎ አንድ ዙር 128 ሚሊሜትር ያህል ሽቦ ይወስዳል፤ በ40 ሲካፈል 3.2 ሚሊሜትር፣ ማለትም የሬዲየሱ 3.2 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ሴግመንት ማብዛት ሁልጊዜ ትክክለኛነትን ይጨምራል የሚለው እምነት እዚህ አይሠራም። በዙር 16 ቢያደርጉት 8 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ከሞገዱ ርዝመት አንድ አሥራ አምስተኛ ስለሚሆንም በቂ ነው። ክቡ ወደ 16 ጎን ሲለወጥ ዙሪያው በ0.6 ከመቶ ስለሚያጥር፣ ሬዲየሱን በዚያው መጠን ከፍ ያድርጉት። 40ው የግድ ካስፈለገዎ የተራዘመውን የሽቦ ስሌት ያብሩ፤ እሱ እስከ 2 እጥፍ ድረስ ይፈቅዳል።

ግራውንድ ፕሌኑ ወሰን የሌለው ከሆነ የኋላ ጨረር በፍጹም አይታይዎትም። በሽቦ መረብ የተሠራ፣ ስፋቱ ከሞገዱ ርዝመት ሦስት አራተኛ የሆነ ሰሌዳ ይሞክሩ። ኢምፒዳንሱን (አንቴናው ለመጋቢው ገመድ የሚያሳየውን ተቃውሞ) በተመለከተ ግን ሞዴሉን ብዙ አይመኑ፦ 140 ኦህም ገደማ የሆነውን ወደ 50 ለማውረድ በመጀመሪያው ሩብ ዙር ላይ የሚበየደውን የመዳብ ቅጠል፣ ክብ ሽቦ ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም በወጉ ሊወክለው አይችልም። እሱን በመለኪያ እያዩ ማስተካከል ይሻላል።

ማሳ_ጅማ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሽቦውን የምጠመጥመው በፒቪሲ የውኃ ቧንቧ ላይ ነው፤ ይህ ውጤቱን ይለውጣል? ከተሠራ በኋላስ በተራ ቀጥ ያለ አንቴና ብለካው ያስኬዳል?

ኪቶ_ራዲዮ፦
ቧንቧው የአንቴናውን የሥራ ድግግሞሽ ወደ ታች ይጎትታል፣ ኔክ-2 ደግሞ ፕላስቲክን አያስብም፤ ስለዚህ ሽቦውን ከቧንቧው አርቀው በትናንሽ ድጋፎች ቢያቆሙት ሞዴሉና ሥራው ይቀራረባሉ። ልኬቱ ያስኬዳል፤ ነገር ግን ቀጥታ ፖላራይዜሽን ያለው (ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚወዛወዝበት) አንቴና ሞገዱ እየዞረ ከሚጓዝበት ከክባዊው የሚቀበለው ግማሹን ኃይል ስለሆነ 3 ዴሲቤል ያነሰ ያነባሉ። አንዴ ቁም፣ አንዴ አግድም አድርገው ይለኩና ሁለቱን ኃይሎች ይደምሩ፤ በዴሲቤል ሳይሆን በዋት። በሁለቱ መካከል የሰፋ ልዩነት ካገኙ ፖላራይዜሽኑ ክብ ከመሆን ይልቅ ሞላላ ሆኗል ማለት ነው፤ ያኔ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በአቅራቢያ ካለ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚመለሰው ሞገድ ነው። ሁለቱን አንቴናዎች ወደ አንድ አቅጣጫ መጠምዘዝዎንም ያረጋግጡ፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ከዞሩ የምንወያይባቸው 3 ዴሲቤሎች ከቁጥር አይገቡም፣ ምልክቱ ራሱ ይጠፋል።