ሃይሉክስ ላይ ሁለት ሞተር ሳይክል ጭኖ ትንሽ የመኝታ ተሳቢ መጎተት፦ ከኮምቦልቻ እስከ ጋሸና

መስክ ወጪ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። መኪናዋ ሃይሉክስ ደብል ካቢን ናት፤ ባለ 2.5 ዲ ፎር ዲ፣ ማንዋል። ኋላዋ ላይ ሁለት ሆንዳ ኤክስአር 150 ተጭኖ፣ ከበስተኋላ ባለ አንድ አክስል የመኝታ ተሳቢ ይጎተታል። ተሳቢዋ ብየዳ ቤት የተሠራች ስትሆን ባዶዋን 520 ኪሎ ናት፤ ፍሬን የላትም። ውስጧ ሁለት ፍራሽና የጋዝ ምድጃ፣ በኋለኛው ግድግዳ በኩል ደግሞ የ100 ሊትር ውሃ በርሜል አለ። አራት ሰው ይሳፈራል። መንገዱ ከኮምቦልቻ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በወልድያና በድልብ አድርጎ ጋሸና ነው። ሞተሮቹ መኪና ለማይገባባቸው ቀበሌዎች ናቸው። ስፖንዳው (የጭነት ሳጥኑ የኋላ መዝጊያ) ተከፍቶ ይጫናሉ? ለተሳቢዋ ፍሬን ማሠራት ግድ ነው? ባሌስትራው (የኋላ አክስሉን የሚሸከመው ንብብር ብረት) ላይ አንድ ቅጠል ብናስጨምርስ ይበቃል?

ባሌስትራ፦
አብሽር ወንድሜ፣ መጎተቱን ትጎትታለች። ጭንቁ ያለው ጉልበቷ ላይ ሳይሆን የኋላ አክስሉ ላይ ነው። ኤክስአር 150 ነዳጅ ሲሞላ 130 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለቱ 260። አራት ሰው በ70 ኪሎ ቢታሰብ 280። መፍቻ፣ ክሪክ፣ ታኮ (የጎማ መደገፊያ) እና ሻንጣ 60፣ አንድ ጀሪካን ናፍጣ ከነዕቃው 20። እዚህ ድረስ 620 ሆነ።

አሁን የተሳቢዋን አፍንጫ ጨምርበት። በደንብ የተጫነ ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ አሥር በመቶ ያህሉን ኳሱ (ተሳቢው የሚያያዝበት የመኪናው መጎተቻ) ላይ ያሳርፋል፤ ተጭና 700 ኪሎ ከሆነች 70 ኪሎ ማለት ነው። ይህ 70 ግን አክስሉ ጋ ሲደርስ 70 ሆኖ አይቀርም። የሃይሉክስ የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 3.085 ሜትር ነው። ኳሱ ከኋላ አክስሉ 1.2 ሜትር ወደ ኋላ ከወጣ፣ ድጅኖ ድንጋይ እንደሚፈነቅለው ሁሉ፣ ኋላው ላይ 97 ኪሎ ይጭንና ከፊቱ ላይ 27 ኪሎ ያነሣል። ሞተሮቹም ወደ ኋላ ስለሚያጋድሉ ፊቱ የባሰ ይቀላል። በዝናብ ጊዜ በኮምቦልቻና በደሴ መሀል ባለው ሐረጎ ጥምዝ ላይ መሪው አልታዘዝ የሚለው ያኔ ነው። ቅጠል ማስጨመር ኋላዋን ከፍ ያደርጋታል እንጂ አክስሉንም ኩሽኔታውንም ፍሬኑንም አያጠነክርም፤ በር ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን የጭነት ልክም አይለውጥም። ድምሩን ከዚያ ቁጥር ጋር አመሳክር፤ ካለፈ አንድ ሰው ወይም አንድ ሞተር ይቀነስ።

በርሜሉን ግን ዛሬውኑ ከኋላ አንሣው። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ ከተሳቢዋ አክስል በስተኋላ ሲቀመጥ አፍንጫዋን ያቀልና ከሐይቅ ወዲያ ያለውን ቀጥ ያለ መንገድ በፍጥነት ስትይዝ ግራ ቀኝ ትማታለች። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት አስቀምጥ፤ ውሃ መንገድ ላይ ይሞላል። አፍንጫዋን ለመመዘን የእህል ነጋዴ ሚዛን ይበቃል። ሙሉ ጭነቷን ጭነህ ሜዳ ላይ አቁማት፤ ኳሱ በሚኖርበት ከፍታ ልክ ጣውላ ሚዛኑ ላይ ደርድርና አፍንጫዋን አሳርፍበት። ከ60 እስከ 80 ኪሎ ካሳየ ጥሩ ነው። ከ50 በታች ከሆነ ዕቃ ወደ ፊት ይምጣ።

መማታት ከጀመረች ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ፍሬን አትርገጥ። ነዳጅ ሰጥቶ ለማስተካከል መሞከር ያባብሰዋል።

ቶርኖና ብየዳ፦
ፍሬኑን አሠራው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቅዱት እስከ 750 ኪሎ ነው፤ ያንተዋ ውሃና ዕቃ ሲገባባት እዚያው ጫፍ ላይ ናት። ልኩ ሜዳ ላይ የወጣ ልክ ነው፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ነው። ስትመለስ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ተሳቢዋን የሚይዘው የመኪናዋ ፍሬን ብቻ ከሆነ የኋላው ታምቡር ግሎ ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል።

ለዚህ መጠን የሚስማማው በግፊት የሚሠራው ፍሬን ነው፦ መኪናዋ ስትቀዘቅዝ ተሳቢዋ ወደ ፊት ትገፋለች፣ የአፍንጫው ዘንግ ይገባል፣ ኬብል ስቦ ፍሬኑን ያሲዛል። ሁለት ነገር ልብ በል። ወደ ኋላ ስትሄድም ግፊት ስለሚኖር ራሱን የሚለቅ ዓይነት ካልሆነ ይነክሳል፤ መቆለፊያውን አስቀምጦ መመለስ፣ ከዚያ መፍታትን አለመርሳት ነው። በረጅም ቁልቁለት ደግሞ ሳያቋርጥ ስለሚይዝ ይግላል፤ መሀል ላይ ቆሞ ማስተንፈስ ያስፈልጋል። የመኪናዋ የፍሬን ዘይት ስንት ዓመቱ ነው? ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል። መጽሐፏ ከፈቀደ ዶት 4 አድርግ፤ አዲሱ 230፣ እርጥበት የጠጣው 155 ነው።

ኳሱን በካሊፐር ለካ። ገበያ ላይ 50 ሚሊሜትርም 47.6 ሚሊሜትርም አለ፤ በዓይን አይለዩም። ለ50 የተሠራ አፍ በትንሹ ላይ ይቆለፋል፣ ጉብታ ላይ ግን ዘሎ ይወጣል። ካቴናው ሁለት ሆኖ ከአፍንጫው ሥር ይጠላለፍ፤ ኳሱ ቢለቅ አፍንጫዋ አስፋልት ከመውጋቷ በፊት ካቴናው ላይ ታርፋለች።

መብራቱ ላይ ባለ ሰባት እግሩ ሶኬት ከሆነ ቢጫው የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው የቀኝ፣ ቀዩ የፍሬን፣ ነጩ ማሳ ነው። ፍሬን ስትረግጥ ፍሬቻውም አብሮ ደብዘዝ ብሎ ከበራ ሌላ አትፈልግ፣ ነጩ ሽቦ ሻንሲውን በደንብ አልያዘም ማለት ነው፤ ቀለሙን ፈቅፍቀህ እሰረው። የተሳቢዋን ሰሌዳና ቦሎ ጉዳይ ከመውጣትህ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ጠይቅ።

ሐይቅ ዳር፦
እኔ የምናገረው ስለ ሞተሮቹ አጫጫን ነው። የደብል ካቢን ሳጥን ርዝመቱ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። የኤክስአር ሁለት ጎማዎች መሬት የሚነኩበት ርቀት 1.36 ገደማ ሲሆን የፊት ጎማው ከካቢኑ ግድግዳ ጋር ሲገጥም ግማሽ ቁመቱን 33 ሳንቲም ይወስዳል። ስለዚህ የኋላ ጎማው በ1.7 ሜትር ላይ፣ ማለትም በተከፈተው ስፖንዳ ላይ ያርፋል። ስፖንዳውን የያዙት ሁለት ቀጫጭን ኬብሎች ናቸው፤ ጉድጓድ ሲመታ የሁለት ሞተር ኋላ እዚያ ላይ ይነጥራል። ለእያንዳንዱ ሞተር 5 ሳንቲም ውፍረት፣ 25 ሳንቲም ስፋት ያለው ጣውላ ከካቢኑ ግድግዳ ጀምሮ እስከ ስፖንዳው ጫፍ አንጥፍ። ክብደቱ ወደ ሳጥኑ ወለል ይመለሳል፣ ማጠፊያውም ያርፋል።

ማሰሪያው ከመነዳሪ አይሁን፣ እባካችሁ። ከመነዳሪ ይለጠጣል፤ ሞተሩ በነጠረ ቁጥር ላላ ጠበቅ ይልና ወርጌሳ ሳይደርስ ጎኑ ላይ ይተኛል። ለአንድ ሞተር አራት ባለ ማጥበቂያ ቀበቶ ያስፈልጋል፦ ሁለቱ ከፊት ሾኮቹ የላይኛው መያዣ ወደ ፊትና ወደ ጎን ወደ ታች፣ ሁለቱ ከኋላ ሻንሲው። መሪው ጫፍ ላይ አትሰር፣ ይዞርና ይላላል። የፊት ሾኩን ከጉዞው ሲሶ እስኪወርድ ድረስ ብቻ አጥብቅ። እስከ መጨረሻው ከተጨቆነ ጎሚኒው ዘይት ያፈሳል፤ ጎማውና ፓራፋንጎው መሀል ቁራጭ እንጨት ብታስገባ አላግባብ አይወርድም። የነዳጅ መዝጊያውን ዝጋ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ። አሥር ኪሎ ሜትር ሄደህ ቁምና ቀበቶዎቹን ደግመህ ሳብ፤ ሾኩ ረግቶ ስለሚቀመጥ ሁልጊዜም ይላላሉ።

አንድ ደግሞ ማንም የማያስበው ነገር አለ፦ ሞተሮቹ የሚጫኑት ተሳቢዋ ከመቀጠሏ በፊት ነው፣ ለማውረድም መጀመሪያ ተሳቢዋ መፈታት አለባት። ስለዚህ የምታድሩበት ቦታ ሜዳ ይሁን፤ መጀመሪያ ታኮ፣ ከዚያ ኳስ።

የድልብ መንገደኛ፦
አጭር ነው የኔ። ቁልቁለቱን ዳገቱን በወጣችበት ማርሽ፣ ተሳቢ ስላለ ደግሞ አንድ ዝቅ አድርጎ መውረድ። ናፍጣ ሞተር ነዳጅ ሲለቀቅ እንደ ቤንዚን አጥብቆ አይዝም፣ ስለዚህ ማርሹ ዝቅ ካላለ ሁሉም ነገር ፍሬን ላይ ይወድቃል። ፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) አድርጎ መውረድ ፈጽሞ አይታሰብ። ፍሬን ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ ነው፤ እግርን ማሳረፍ ሸራውን ያቃጥላል። ወደ ጋሸና ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ እዚያ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ የራዲያተሩ ክዳን ጎሚኒ ከሞተ የድልብን ዳገት ሳትጨርስ መኪናዋ ትፈላለች። ሐይቅና ወልድያ ላይ ስትቆም የተሳቢዋን ጎማ መሀል በእጅ ዳብስ፤ አንዱ ጎን ከሌላው ይልቅ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ጠብቋል ወይም ግራሶ አልቋል።

መስክ ወጪ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። በርሜሉ ተነሥቷል። ስፖንዳው ተከፍቶ ሲሄድ ግን የተሳቢዋን ፊት አይነካም? ከኳሱ እስከ ሳጥኗ ግድግዳ 1 ሜትር ነው።

ቶርኖና ብየዳ፦
ይነካል፣ ጥምዝ ላይ። የተከፈተው ስፖንዳ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይወጣል፤ ተሳቢዋ ስትታጠፍ ማዕዘኗ ወደ ስፖንዳው ጫፍ ይመጣል። ሞተሮቹን ሳትጭን ቀጥላትና ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረህ በዝግታ ዙር፤ አንድ ሰው ከጎን ሆኖ ይመልከት። በጠበበው ቦታ ቢያንስ 15 ሳንቲም መቅረት አለበት። ቀጥሎ አራት ሰው ስፖንዳው አጠገብ ሳጥኑ ውስጥ ቁሙና ከፍ ዝቅ አድርጓት፦ የአፍንጫው ክሪክ እጀታ ስፖንዳውን ከሥር የሚወጋው መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ ነው። እጀታው የሚነቀል ከሆነ በጉዞ ይነቀል። ካልበቃ የተሳቢዋን መጎተቻ ዘንግ ወደ 1.4 ሜትር አስረዝመው፤ ጫፉ ላይ ብቻ ቁራጭ አይቀጠል፣ አዲሱ ብረት ከሥር ከአክስሉ አጠገብ ተነሥቶ ወፍራም ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ይሁን። ዘንጉ ሲረዝም ኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ስለሚቀንስ ሚዛኑ ላይ ደግመህ አውጣት።