በኮሮና ጊዜ አለርጂዬ የት ጠፍቶ ነበር?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ኮምቦልቻ ዋናው መንገድ ዳር ነው የምኖረው፣ ሲኖትራኩ ሌሊትም ቀንም አያርፍም። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ማበብ ሲጀምር፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ማለት ነው፣ ስነሳ ማስነጠስ፣ ስተኛ ማስነጠስ፣ ዓይኔማ በርበሬ የገባበት ይመስላል። ይሄው ዘንድሮም ጀማምሮኛል። የሚገርመኝ የኮሮናው ጊዜ ነው። መስከረም 2013 ምንም አልነካኝም። ወንድሜ «መኪናው ቀንሶ አየሩ ስለጸዳ ነው» ይለኛል። እውነት ነው? ከሆነማ ጠቅልዬ ወደ ደሴ ልውጣ እንዴ?

ሐረጎ ላይ፦
ወንድምህ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። የናፍጣ ጭስ የአፍንጫንና የሳንባን ሽፋን ያስቆጣል፣ በዚያ ላይ የአበባ ብናኝ ሲጨመር አለርጂው ይብሳል። በ2012 በራቸውን የዘጉት እነ ጣሊያንና ህንድ ጋ ከመኪና የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ በሳተላይት ሳይቀር ሲቀንስ ታይቷል። እኛ ጋ ግን መቼ ተዘጋና? መጋቢት 30 የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ የሕዝብ ትራንስፖርቱን በግማሽ አስጫነ እንጂ የጅቡቲው ጭነት አልቆመም። አዋጁም የ5 ወር ነበር፣ እንቁጣጣሽ ሳይደርስ አለቀ። አንተን የተሻለህ ደግሞ መስከረም ነው። ሣሩም ቤትህ ተቀመጥ አልተባለ፣ እንደ ወትሮው ነው ያበበው። አየሩ ነው ካላችሁ ሒሳቡ አልገባኝም።

ፋርማሲ ቤት፦
ማስኩን ረሳችሁት እኮ! አዋጁ ካለቀ በኋላም ማስክ እናደርግ ነበር። የሣር ብናኝ ከቫይረስ ጋር ሲተያይ ግዙፍ ነው፣ ተራው ሰማያዊ ማስክ እንኳ ብዙውን ያስቀረዋል። እስራኤል ውስጥ ነርሶች ላይ በተሠራ ጥናትም ማስክ ባደረጉበት ጊዜ የአፍንጫ አለርጂ ምልክታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ሁለተኛው ነገር ጉንፋን ነው። ትምህርት ቤት ዝግ፣ በየበሩ እጅ መታጠብ፣ መጨባበጥ የለ፣ በምን ይተላለፍ? አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀሰቅስበት እሱ ነው።

እማ ሳሊ፣ ከደሴ፦
እኔ ወላሂ ተቃራኒው ነው የሆንኩት። ያኔ ነው የባሰብኝ። ልጆቹ ቤት፣ ብርድ ስለሆነ መስኮት አይከፈት፣ ከሰሉ ይጨሳል፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ፣ እጣኑ አለ። ምንጣፉን አጥር ላይ ሰቅዬ በዱላ ስመታው የወጣው አቧራ ጎረቤቴንም አስነጠሳት። እና ደሴ ና አልልህም፣ ባጃጁም አቧራውም እዚህ ሞልቷል።

ፋርማሲ ቤት፦
እህቴ ያንቺ የቤት አቧራ ነው የሚመስለው። ፍራሽና ምንጣፍ ውስጥ በዓይን የማትታይ ትንሽዬ ተባይ አለች፣ አለርጂውን የምታመጣው እሷ ናት። አንሶላና ብርድ ልብሱን በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ እጠቢ። ምንጣፉን ሌላ ሰው ይምታልሽ። ከሰሉን ግን ዛሬውኑ በረንዳ አውጪው፣ መስኮት ዘግቶ ማንደድ ከአለርጂም አልፎ ይገድላል።

የቦርከና ልጅ፦
አሃ፣ ማስኩ ነዋ! ቡና ሲፈላ የምንጎዘጉዘው ሣርስ?

ፋርማሲ ቤት፦
ያበበ ከሆነ ይቅርብህ። ማስኩን መንገድ ላይም ሣር ሲታጨድም አድርገው፣ ማታ ፊትህን ታጥበህ ልብስህን ቀይረህ ተኛ። ትንፋሽህ ሲር ሲር ማለት ከጀመረ ግን እኛን አትጠይቅ፣ ሐኪም ጋ ሂድ።