ነገ ዜርማት (ስዊዘርላንድ) የመጨረሻ ቀናችን ነው፤ ጣሊያን ወዳለችው ቼርቪኒያ እንሂድ ወይስ ይቅርብን?

ሰላም ወገኖች። ዜርማት ስኪ (የበረዶ ሸርተቴ) የተጫወታችሁ ካላችሁ ቶሎ ምከሩን።

ነገ ጠዋት ሆቴሉን እንለቃለን፣ ማታ ከጄኔቭ እንበራለን። ፊስፕ የሚባል ጣቢያ ላይ ባቡር ቀይሮ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ቢዘገይ ቢዘገይ ከቀኑ 9 ሰዓት (በኛ አቆጣጠር) መነሳት አለብን።

ባለቤቴ ግን ድንበር ተሻግረን ጣሊያን ምሳ እንብላ ብላ ድርቅ ብላለች። 3,883 ሜትር ከፍታ ወዳለው ክላይን ማተርሆርን ተራራ በኬብል (በገመድ ላይ በሚሄድ መኪና) ወጥቶ ወደ ቼርቪኒያ በስኪ መውረድ ነው። መሄዱስ ይሁን፣ መመለሱ ነው ያስጨነቀኝ። ንፋስ ከበረታ ከላይ ያሉት ኬብሎች ይዘጋሉ። ያኔ በመኪና ተራራውን ዞሮ መምጣት ስንት ሰዓት! በረራውም ቻው። ትንበያው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ንፋስ አለ ይላል።

እናንተ ብትሆኑ ከቼርቪኒያ ስንት ሰዓት ላይ ትነሱ ነበር? ወይስ እዚሁ ዜርማት በኩል ጎርነርግራት አካባቢ እስከ ምሳ ተጫውተን እንውረድ? እኔ ወደዚህ አደላለሁ፤ ዝነኛው የማተርሆርን ተራራም ከዚያ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለግማሽ ቀን የሚሆን የስኪ ቲኬት አለ?

ሌላው፣ ሆቴሉ ሻንጣ ያስቀምጥልናል፤ ሻወር ግን ከለቀቃችሁ በኋላ የለም ብሎናል። ጣቢያው አካባቢ ታጥቦ ልብስ መቀየሪያ የምታውቁ ንገሩን። እንዲህ በላብ ተዘፍቀን አውሮፕላን ብንሳፈር አጠገባችን ለሚቀመጠው ሰው ግፍ ነው።