ጥቆማ፦ ለፈተና ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ ላላችሁ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወላጆች

ልጁ ትምህርቱን ያውቀዋል። ቤት ስትጠይቁት ይመልሳል። ፈተና ላይ ግን ግማሹን ሳይሠራ ሰዓቱ ያልቅበታል። ዲስሌክሲያ (የማንበብ ችግር)፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብ ችግር)፣ ኦቲዝም ወይም ከባድ ጭንቀት ያለበት ልጅ የምታሳድጉ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችን ታዲያ መጀመሪያ የምንሮጠው ቱተር ፍለጋ ነው። የኔ ጥቆማ ሌላ ነው። ኪሳችሁን ከመንካታችሁ በፊት በነፃ የሚገኘውን ተጠቀሙበት።

ከልጁ ትምህርት ቤት ጀምሩ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጁ እክል ሊኖርበት ይችላል ብሎ ከጠረጠረ በነፃ መገምገም አለበት። አንገመግምም ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣችኋል። እናንተም በጽሑፍ ጠይቁ። ቀን ያለበት አጭር ኢሜይል ይበቃል። ከመምህሯ ጋር በር ላይ ያወራችሁት የትም አይመዘገብም። ቀኑ የሚያስፈልገው የጊዜ ገደብ ስላለ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ጥያቄው ከደረሰ በ65 የሥራ ቀን፣ ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ ወላጅ ከፈረመ በ60 ቀን ግምገማው ማለቅ አለበት።

ትምህርት ቤቱ ስለ ልጁ ለሚጠራችሁ ስብሰባ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ወጪው የትምህርት ቤቱ ነው። እንግሊዝኛችሁ ለሥራ ቢበቃም ጠይቁ። እዚያ የሚወራው የሳይኮሎጂና የሕግ እንግሊዝኛ ነው። ልጃችሁን ግን አታስተርጉሙት። ስለ ራሱ ድክመት የተባለውን ለእናቱ እንዲናገር ማድረግ ከባድ ሸክም ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ አይኢፒው (ለልጁ የሚጻፈው የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ተተርጉሞ በ30 ቀን እንዲሰጣችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሕጉ የሚሠራው ከአካባቢው ተማሪዎች ከ1 በመቶ በላይ ለሚናገሩት ቋንቋ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ላይ አማርኛ ከዋናዎቹ አንዱ ነው።

አይኢፒ ወይስ 504 የሚባለው የድጋፍ ዕቅድ? እንደ ተጨማሪ ሰዓት ላለ የፈተና ድጋፍ ሁለቱም ይሠራሉ። ልዩነቱ አይኢፒ ልዩ ትምህርትም ይጨምራል። ልጁ ማንበቡ ራሱ ከከበደው 504 አይበቃውም ባይ ነኝ። ተጨማሪ ሰዓት ማንበብ አያስተምርም።

ትምህርት ቤቱ አልሰማ ሲል የሚረዱ ነፃ ድርጅቶች በሦስቱም ቦታ አሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ፓረንትስ ፕሌስ ኦፍ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፒያትክ፣ ዲሲ ውስጥ አድቮኬትስ ፎር ጀስቲስ ኤንድ ኤዱኬሽን። ሥራቸው ወላጅን መብቱን ማሳወቅና ለስብሰባ ማዘጋጀት ነው። ዲሲ ላይ የትምህርት እንባ ጠባቂ ቢሮም በነፃ ያሸማግላል። በሰዓት የሚያስከፍል አድቮኬት (ከትምህርት ቤቱ ጋር ለወላጅ የሚሟገት ሰው) ከመቅጠር በፊት እነዚህን ሞክሩ። አድቮኬት ለመባል ፈቃድ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ከቀጠራችሁ ከዚህ በፊት በእናንተው ካውንቲ ሠርቶ እንደሆነ ጠይቁ።

የግል ሳይኮሎጂስት ግምገማ በሺህዎች ዶላር ይቆጠራል። ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ ጠለቅ ያለ ነው፤ ያንን አልክድም። ግን በትምህርት ቤቱ ግምገማ ካልተስማማችሁ ሌላ ገለልተኛ ግምገማ በትምህርት ቤቱ ወጪ እንዲደረግ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ የራሳቸው ግምገማ ትክክል መሆኑን በችሎት ያስረዳሉ። ከኪስ መክፈል ግድ ከሆነ የዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ክሊኒኮችን ጠይቁ። የዶክትሬት ተማሪዎች በመምህራን ክትትል ስለሚሠሩባቸው ዋጋቸው ይቀንሳል።

አሁን ወደ ኤስኤቲ፣ ማለትም ወደ ኮሌጅ መግቢያ ፈተናው። አይኢፒ ወይም 504 ስላለ ብቻ ድጋፉ ኤስኤቲ ላይ አይመጣም። የፈተናው ባለቤት ኮሌጅ ቦርድ ለብቻው መፍቀድ አለበት። ማመልከቻውን ብዙ ጊዜ የሚልከው የትምህርት ቤቱ አስተባባሪ ነው፤ ማን እንደሆነ ካውንስለሩን ጠይቁ። ውሳኔው እስከ ሰባት ሳምንት ይወስዳል። አንዴ ከተፈቀደ ለፒኤስኤቲ (የኤስኤቲ መለማመጃ)፣ ለኤስኤቲና ለኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) ፈተናዎች ያገለግላል። ስለዚህ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ላይ ጨርሱት።

«ልጄ ላይ ስም ይለጠፍበታል» የሚል ፍርሃት በኛ ማኅበረሰብ ብርቱ ነው። እረዳዋለሁ። ኮሌጅ ቦርድ ግን በድጋፍ የተፈተነን ልጅ ውጤት ላይ ምልክት ማድረግ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትቷል። ዩኒቨርሲቲው የሚያየው ውጤቱን ብቻ ነው።

በቅርቡ ከአገር ቤት ለመጣ ልጅ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ገና የሚማር ተማሪ ብሎ ከመዘገበው፣ ምንም እክል ባይኖርበትም፣ በትምህርት ቀን በሚሰጠው ኤስኤቲ ላይ 50 በመቶ ተጨማሪ ሰዓት ማግኘት ይችላል። ቅዳሜ በሚሰጠው ላይ ግን ይህ የለም።

ምን ዓይነት ድጋፍ ይጠየቅ? ሁሉም ሰው ተጨማሪ ሰዓት ይላል። ቆም ብላችሁ አስቡ። ኤስኤቲ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። በ50 በመቶ ሲጨመር እረፍቱን ሳይቆጥር 3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ይሆናል። ልጁ ቀድሞ ቢጨርስም ሰዓቱ እስኪያልቅ ወደሚቀጥለው ክፍል አያልፍም። መቀመጥ ለሚያስቸግረው ልጅ ተጨማሪ እረፍት ወይም ጥቂት ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ይሻለው ይሆናል። ኤስኦኤል የሚባለው የቨርጂኒያ ግዛት ፈተና ደግሞ የሰዓት ገደብ የለውም፤ እዚያ ጥያቄው ጮክ ብሎ እንዲነበብለት መጠየቅ ይበልጣል።

ከመወሰናችሁ በፊት ብሉቡክን በነፃ አውርዱ። ኤስኤቲ የሚሰጥበት መተግበሪያ እሱው ነው። ልምምዱን በተጨማሪ ሰዓትም ያለሱም አሠሩት፤ የሚሻለውን ራሱ ይነግራችኋል።

ለንባብ ቡክሼር የሚባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት አንደኛ ምርጫዬ ነው። ማንበብ የሚያስቸግረው እክል ላለበት ተማሪ አሜሪካ ውስጥ ነፃ ነው፣ የመማሪያ መጻሕፍትም አሉት። የሚያነበው ድምፅ ግን በአብዛኛው የኮምፒውተር ነው። ያ የሚሰለቸው ልጅ ላርኒንግ አላይን ይሞክር፤ ሰው ያነበባቸው መጻሕፍት ናቸው፣ በዓመት ይከፈልበታል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለሚከፍሉበት መጀመሪያ ጠይቁ። ሲፔን የሚባለው የሚያነብ እስክሪብቶ ለወረቀት ፈተና ጥሩ ነው። ለኤስኤቲ ብላችሁ ግን አትግዙት፤ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ መሣሪያ የተፈቀደለት ልጅ እዚያው ብሉቡክ ውስጥ ያገኘዋል።

ሌላውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ ኤሲቲን፣ የሚፈተን ከሆነ የኮሌጅ ቦርድ ፈቃድ እዚያ አይሠራም። ኤሲቲ ራሱ ዘንድ እንደገና ማመልከት ያስፈልጋል፤ አስተባባሪው ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዲልክላችሁ ጠይቁት።