ቡችላን ትእዛዝ ማልመድ ይጠቅማል ወይስ ማሰሩ ይበቃል?

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ወር ተኩል የሆናት ሴት ቡችላ ግቢያችን ገብታለች። ስትጠራ አትመጣም፣ የልጆቹን ቀሚስና ሱሪ ነክሳ ትጎትታለች፣ ዶሮ ካየችማ ማን ያቆማታል። ጎረቤት «ውሻ ታስሮ ነው የሚያድገው፣ ትእዛዝ ካስለመዳችኋት ሌባ አትይዝም» ይላል። እውን ይህን ያህል ይጠቅማል? ከየትስ ይጀመራል?

መልስ ከዳንግላ
መጮኽና ግቢ መጠበቅ ተፈጥሮዋ ነው። ስታድግ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ቁጭ በይ ሲሏት መቀመጧ አያጠፋውም። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የምትውል ውሻ ግን መሸሽ ስለማትችል የቀረባትን ሁሉ በጥርሷ ማራቅ ትለምዳለች። ሰንሰለቱ የተበጠሰ ቀን እንግዳና ሌባ አትለይም። በሩ ተከፍቶ ወደ ባጃጁ መንገድ ስትሮጥም የሚመልሳት «ነይ» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት ቤተሰቡ በቃል ይስማማ። አባት «ና»፣ ልጅ «ነይ»፣ ሌላው «ነይማ እስቲ» ካላት ለእሷ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ ወንድና ሴት የሚለየው ሰዋስው የእኛ ጉዳይ ነው። አራት ቃል ይበቃል፦ ነይ፣ ቁጭ በይ፣ ቆዪ፣ ተይ። ጽፋችሁ የኩሽና በር ላይ ለጥፉት።

መልስ ከባሕር ዳር
በ«ቁጭ በይ» ይጀምሩ፣ ቀላሉ እሱ ነው። ሽምብራ የምታክል የተቀቀለ ጉበት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዙ። አፍንጫዋ ላይ አስጠግተው ቀስ እያሉ ወደ ላይ፣ ወደ ጆሮዎቿ መሐል ይውሰዱት። አፍንጫዋ ሲከተል ቂጧ ይወርዳል። መሬት በነካ ቅጽበት «ጎሽ!» ብለው ያጉርሷት። ቁም ነገሩ ያለው ቅጽበቱ ላይ ነው፤ ሁለት ሰከንድ ከዘገዩ ያመሰገኗት ስለመነሳቷ ይሆናል። ከዘለለች እጅዎ ከፍ ብሏል። ወደ ኋላ ካፈገፈገች ግድግዳ ጥግ ወስደው ይሞክሩት።

ቃሉን የሚጨምሩት እጅዎን ተከትላ ያለ ስሕተት መቀመጥ ስትጀምር ነው፣ ያውም አንዴ ብቻ። «ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ አልኩሽ!» የምትባል ውሻ ሦስተኛውን መጠበቅ ትማራለች። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ከመብላቷ በፊት።

መልስ ከቡሬ
ጉበቱ ግን ግማሽ ሰዓት ይንፈቅፈቅ። ጥሬ ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ እብጠት ውስጥ ያለው ትል ውሻዋ አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሯ ወደ ልጆች ይተላለፋል። በጾም ጊዜ የተቀቀለ ድንች ይበቃታል። ወጥ የነካው እንጀራ አይሁን፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። «ነይ» ስላት ግን አይታኝ ትሸሻለች። ደግሞስ እጄ ባዶ የሆነ ቀን አትሰማኝም ማለት ነው?

መልስ ከዳንግላ
የምትሸሽ ከሆነ «ነይ» ተብላ ስትመጣ የሚከተለው ማሰር ወይም ቁጣ ነው ማለት ነው። ከአሥር ጥሪ ዘጠኙን አጉርሰው፣ ዳብሰው፣ መልሰው ይልቀቋት። ለማሰር ሲፈልጉ ሳይጠሩ ራስዎ ሄደው ይያዟት። አጥፍታ ስትመጣም አይቆጧት፤ ቅጣቱን የምታያይዘው ከመምጣቷ ጋር ነው። ክትባቷ ካለቀ በኋላ ከግቢ ውጭ ሲለማመዱ አምስት ሜትር ገመድ አንገት ማሰሪያዋ ላይ ይኑር፤ ካልመጣች ሳይጮኹ ገመዱን እየሰበሰቡ ያቅርቧት።

ስለ ምግቡ፦ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል እንጂ በበላበት ብቻ ይታዘዛል አልተባለም። አንድን ትእዛዝ ካወቀችው በኋላ አንዴ ጉርሻ፣ አንዴ «ጎሽ» ብቻ እያደረጉ ያፈራርቁ። መቼ እንደሚመጣ ካላወቀች የበለጠ ትተጋለች።

መልስ ከፍኖተ ሰላም
ቀሚስ መጎተቱ ልጆቹ እየጮኹ ስለሚሮጡ ነው፤ ለእሷ ጨዋታ ነው። ባሉበት ቆመው እጃቸውን ያጣጥፉ፣ ስትለቅ የተቋጠረ ጨርቅ ይስጧት። አራት ወር ገደማ ጥርሷ መለወጥ ሲጀምር ይብሳል፣ አትደንግጡ።

ዶሮ ግን አንድ ጊዜም አሳድዳ እንዳትቀምሰው፤ ማሳደዱ ራሱ ጉርሻዋ ነው። በገመድ ይዛችሁ ዶሮዋን አይታ ገና ሳትወጠር፣ አሥር እርምጃ ርቃ ሳለች «ተይ» በሏት። ዓይኗን ወደ እናንተ ስትመልስ «ጎሽ»፣ ጉርሻ። በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ እርምጃ መቅረብ ነው። ከተወጠረች ተቻኩላችኋል፣ ወደ ኋላ ተመለሱ።

በዱላ አታስፈራሯት። ጎጃም ውስጥ ዱላ ያልያዘ መንገደኛ ስንቱ ነው? ዱላን የፈራች ውሻ በር ላይ የቆመውን ሽማግሌ ሁሉ ትዘነጥላለች። ይልቅ እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ አቅፋችሁ ገበያ ዳር አቁሟት፤ ዱላ፣ ጋቢ፣ ጥላ፣ አህያ፣ ባጃጅ ከሩቅ ታይ፣ እያየችም ትጉረስ። ክትባቷ እስኪያልቅ መሬት ላይ አትልቀቋት።

መልስ ከሞጣ
ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ ክትባት የእንስሳት ክሊኒክ ወስዳችሁ አስከትቡ፣ በዓመቱ ይደገማል። ጥርሷ የልጅ ቆዳ ከቧጨረ ቡችላ ናት ተብሎ አይናቅ፤ 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ታጥቦ በዕለቱ ጤና ጣቢያ ይኬድ። ያ ቁስል በፌጦም በቡናም አይታሸግ።