የዎልአይ ማጥመጃ ሐይቅ ላይ ይሠራል?

የቦርከና ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። እሁድ እሁድ ሐረጎን ወጥቼ፣ ደሴን አልፌ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ መውረድ ለምዶብኛል። አሜሪካ ያለው ያጎቴ ልጅ ዘንግ፣ የሚያብለጨልጩ ማንኪያ መሳይ ብረቶችና ጭንቅላታቸው እርሳስ የሆነ መንጠቆዎች ላከልኝ። እሱ በነዚህ ዎልአይ የሚባል አሳ ያወጣል፤ ቪዲዮውን ሳይ ምራቄን ነው የዋጥኩት። እኔ ግን ማንኪያዋን ስወረውር ስስብ ውዬ ዞር ብሎ ያያት የለም። አጠገቤ ያለ ጩጬ ደግሞ በሸንበቆና በክር ቆሮሶውን (ቲላፒያ የሚሉትን አሳ) ይለቅመዋል! ምንድነው ነገሩ? ዎልአይን እዚህ አምጥቶ መልቀቅስ አይቻልም? ደግሞ አንድ ሰውዬ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎኝ ግራ ገብቶኛል።

ተሁለደሬ
አብሽር ወንድሜ፣ ዘንጉ ምንም አይልም። ማንኪያዋ ትንሽ አሳ መስላ ነው የምታታልለው፣ ስለዚህ አሳ የሚበላ አሳ ትፈልጋለች። ቆሮሶ ደግሞ ዋና ቀለቡ አልጌ ነው፤ እንኳን ማንኪያ ሹካም ብትወረውርለት ጉዳዩ አይደለም። አርባ ምንጭ ብትሆን ናይል ፐርች የሚባለው አሳ በል አሳ ይዘልልህ ነበር (አዞውም ጭምር)።

ትንሽ መንጠቆ እሰር። የዳቦ ልብ በጣትህ አድቦልቡለህ ሽንብራ አሳክላትና ጫፉን ሸፍንበት፣ ወይ ትል አድርግ። ከመንጠቆው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለህ ቡሽ እሰር። ወደ መሀል መወርወር ትርፉ ድካም ነው፣ ሐይቃችን መሀሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ቆሮሶ ዳር ዳሩን፣ ሣሩ አጠገብ ነው ያለው። ቡሹ መጀመሪያ ንቅጥቅጥ ይላል። ያኔ እንዳትስብ፣ እየቀመሰ ነው። ወደ ጎን መንሸራተት ሲጀምር በእጅህ አንጓ ብቻ ቀጨም አድርገው።

አምባዛ (ካትፊሽ የሚሉት) ካማረህ አመሻሽ ላይ ትል ወይ የሥጋ ቁራጭ መሬት አስነክተህ ተቀመጥ። ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉት ስላሉ ግን መጀመሪያ ቤት ጠይቅ።

ደሴ በሚኒሶታ
ተሁለደሬ ልክ ነው። ዎልአይ ሌላ ፍጥረት ነው፤ ጥርሳም፣ አሳ በል። ዓይኑ ማታ መብራት ሲያርፍበት እንደ ድመት ያበራል፣ በደብዛዛ ብርሃን አጥርቶ ያያል። ለዚህ ነው እኛ እዚህ ንጋትና ምሽት የምንወጣው። ቀንም ቢሆን ነፋስ ውሃውን ሲያናውጠውና ብርሃኑ ሲቀንስ ይበላል። እርሳሱ ላይ በሕይወት ያለ ትንሽ አሳ ወይ አልቅት ሰክተህ ታችኛው መሬት ድረስ ታወርደዋለህ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ከፍ ዝቅ። መቸኮል የለም። ላንተ እርሳሷ ለአምባዛው ትሆንሃለች፣ ትል ስካባት።

ሕጉ ላይ እዚህ ቀልድ የለም። ፈቃድ ትገዛለህ። በዚህ አገር ጸደይ፣ በረዶው ሲቀልጥ እንቁላል ሲጥል ይዘጋል፣ የሚከፈተው በሜይ አጋማሽ ነው። በረዶ በሌለበት ወቅት አንድ ሰው አንድ ክር ብቻ ነው የሚጥለው። ከ20 ኢንች፣ ማለትም ከ50 ሴንቲ ገደማ የሚበልጥ አንድ ብቻ ነው የምትወስደው፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ እናቶች ናቸው። ሚል ላክስን የመሳሰሉ ሐይቆች ደግሞ የራሳቸው ደንብ አላቸው።

ጡረተኛው
ልጄ፣ ዎልአይ የማምጣቱን ነገር ተወው። እንቁላሉን የሚጥለው ከበረዶው ወቅት በኋላ ገና ቀዝቃዛ በሆነ ውሃ ነው፣ የኛ ሐይቅ በረዶ አያውቅም። ቢለምድ ደግሞ የባሰ ነው፤ የቆሮሶውን ጫጩት ይጨርሰዋል። ቆሮሶም ራሱ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ተጨምሮ ነው እንጂ ሐይቅ ውስጥ አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር በባለሙያ እንጂ በባልዲ አይሠራም።

ፈቃዱን ተሁለደሬ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፣ በተለይ ለመሸጥ ካሰብክ። በጾም ገበያው ሲጦፍ ብዙ ሰው ነጋዴ መሆን ያምረዋል። የፌዴራሉ የአሳ ሀብት አዋጅ 315/1995 ነው። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ውሃ ላይ መበተን የሚባለውን ነገር ማንም ቢያሳይህ አትነካካው፤ መርዝ ነው፣ ትልቁንም ጫጩቱንም ነው የሚፈጀው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። ስታወጣት ጉሮሮዋ ሥር አብጦ፣ ከአፏ ቢጫ ፍሬ ጠብ ጠብ ካለ እጅህን አርጥበህ ያዛትና መንጠቆውን ነቅለህ ቶሎ መልሳት። ዳር ላይ አሸዋው ክብ ክብ ተቆፍሮ ካየህ ጎጇቸው ነውና እዚያ አትቁም።

የቦርከና ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቦርከና ላይ መሞከርስ? ቤቴ በር ላይ ነው።

ተሁለደሬ
ለመብላት ከሆነ ይቅርብህ፣ የከተማውም የፋብሪካውም ፍሳሽ ይገባበታል። ሐይቅ ያጠመድከውን እዚያው ሆዱን አውጥተህ እጠበውና በረዶ ያለበት ዕቃ ውስጥ ጫነው። ኮምቦልቻ እስክትገባ ሙቀቱ አይምረውም።