ባይኖኩላር ልግዛ ወይስ ካሜራ? የጠዋት መንገዴ ላይ ያሉትን ወፎች በደንብ ለማየት

ማለዳ ተጓዥ፦
ለጤና ብዬ ጠዋት ጠዋት እራመዳለሁ፤ መንገድ ላይ ደስ ያለኝንም በስልክ አነሳለሁ። አሁን ቀልቤን የወሰዱት ወፎቹ ናቸው። ስጠጋ ይበራሉ፤ በስልኩ ሳቀርባቸው ይደበዝዛሉ። ቤት ገብቼ ስማቸውን ላጣራ ስል ደግሞ መልካቸው ይጠፋብኛል። ምን ልግዛ? እንዴትስ ልቅረባቸው?

ሌንስ፦
ባይኖኩላር ይቅደም። የስልኩ ዙም በአብዛኛው ምስሉን ቆርጦ ያሰፋዋል እንጂ ዝርዝር አይጨምርም፤ የሚደበዝዘው ለዚያ ነው። 8×42 የተጻፈበትን ፈልግ። 8 ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፤ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር። 42ን ለ8 ስታካፍል የሚመጣው 5.25 ሚሊሜትር ወደ ዓይንህ የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፤ ጎህ ሲቀድና ጥላ ውስጥ የሚጠቅምህ እሱ ነው። 10×42 የእጅህንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላል፣ የሚያሳይህም ስፍራ ይጠብባል፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትዘል ትንሽ ወፍ ቶሎ ታመልጥሃለች። 20 እና 30 እጥፍ የሚባሉትን ያለ ማቆሚያ በእጅ ይዞ ማየት በጣም ያስቸግራል።

ከገዛህ በኋላ ለራስህ ዓይን አስተካክለው። የቀኙን የፊት መስታወት በእጅህ ሸፍንና በመሃሉ መዘውር የአንድ ቅጠል ጠርዝ ለግራ ዓይንህ ጥርት እስኪል አዙር። ከዚያ ግራውን ሸፍን፤ መሃሉን ሳትነካ በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት እያዞርክ ያንኑ ቅጠል አጥራው። ይህ ሲዘለል ነው ዓይን የሚደክመውና ራስ የሚያመው። መነጽር የምታደርግ ከሆነ የዓይን ማያውን ጎማ ወደ ውስጥ አስገባ።

ጽሞና፦
መጠጋቱን ተወው ወንድሜ። ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ፣ ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ ተደግፈህ 20 ደቂቃ ተቀመጥ። የሸሹት ቀስ በቀስ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ወፏ መልቀሟን ትታ አንገቷን ቀጥ ካደረገች ከሚገባው በላይ ቀርበሃል ማለት ነው፤ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ በል።

ዝም ብለህ ስትቀመጥ የምታየው ሌላ ነው። ወፏ ምንቃሯን ጅራቷ ሥር ታሽና ከዚያ የምታገኘውን ቅባት ላባዋን ትቀባዋለች፤ ከዚያም ላባውን አንድ በአንድ ከሥሩ እስከ ጫፉ በምንቃሯ ታሳልፈዋለች፤ የተላቀቁት የላባው ክሮች መልሰው ይያያዛሉ። ይህን አንዴ በቅርብ ያየ ሰው ፎቶ አነሳሁ አላነሳሁ ብሎ አይጨነቅም።

ደብተር፦
መጽሐፍ ወይም መተግበሪያ ሳትከፍት በፊት ጻፍ። ሥዕሉን ካየህ በኋላ ትዝታህ ሥዕሉን መምሰል ይጀምራል። መጀመሪያ መጠኗን፦ ከድንቢጥ ትበልጣለች? ከእርግብ ታንሳለች? ቀጥሎ የምንቃሯን ቅርጽና ምን እየሠራች እንደነበር። ቀለም መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ብርሃን ከኋላዋ ሲመጣ ብዙዋ ወፍ ጥቁር ትመስላለች። ቀን፣ ሰዓትና ቦታም አይቅር። መርሊን የሚባለው መተግበሪያ ድምፅ ሰምቶ ስም ይገምታል፤ ወፏን በዓይንህ እስክታያት ግን ግምቱን እንደ ግምት ያዘው።

ማለዳ ተጓዥ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የዓይኑ ማስተካከያ ገብቶኛል። ባይኖኩላር ወደ ዓይኔ ሳነሳ ግን ወፏን አጣታለሁ። ደግሞ መንገዴ ላይ ጎጆ አለ፤ ጫጩቶቹን ፎቶ ላንሳቸው?

ሌንስ፦
ወደ ባይኖኩላሩ አጎንብሰህ አትይ። ዓይንህን ከወፏ ሳትነቅል ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንህ አምጣው። ቆሞ በሚቆይ ነገር፣ ለምሳሌ በአጥር ጫፍ፣ ደጋግመህ ተለማመድ።

ጽሞና፦
ጫጩቶቹን ተጠግተህ ፎቶ አታንሳ። እናት ደንግጣ ከጎጆው ስትበር እንቁላልም ጫጩትም ለብርድ ወይም ለፀሐይ ይጋለጣል፤ አዳኝም ጎጆውን ያይበታል። ምግብ በምንቃሯ ይዛ ሳትገባ ወዲያ ወዲህ የምትል ከሆነ የከለከልካት አንተ ነህ፤ ወዲያው ራቅ። ቅጠሉንም ለፎቶ ብለህ አትግለጥ፤ ጥላቸውም መሸሸጊያቸውም እሱ ነው። ከሩቅ ያነሳኸውን ለሌላ ሰው የምትልክ ከሆነ ደግሞ ስልኩ ፎቶው ውስጥ የመዘገበውን የቦታ መረጃ አስቀድመህ አጥፋ።